ድምፁን ዘግታ የተጫወተችው ዜማ

ባለፈው ሳምንት ሚጡን የተለየናት ደረጃው ላይ ነበር። "አብረን እንሁን" ሲላት "አይሆንም" ብላው፣ ቃሉ ከአፏ ገና ሳይወጣ ተጸጽታ፣ ቴክኒሻኑ የገመድ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ ሲወርድ ከላይ ሆና እያየችው። ዘወር ብሎ አላያትም። ዘወር ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ግን ሰው ቅስሙ ሲሰበር አንገቱም ይደርቃል፣ ምን ይደረግ።

ለምን "አይሆንም" እንዳለችው ላልሰማ ላሰማ።

ሚጡ የመምህርት የመጨረሻ ልጅ ናት። መምህርት የሰፈሩን ልጆች ፒያኖ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አሁን ደግሞ የነዚያኑ ልጆች ልጆች የያዙ ሴት ናቸው። ለተማሪዎቻቸው ትንንሽ ዜማ ይፈጥሩ ነበር፤ ለሰነፉ ቀለል ያለ፣ ለጎበዙ ጠምዛዛ፣ ለአልቃሻው የሚያስቅ። አንዱንም ወረቀት ላይ አላሰፈሩትም። "ጣቴ ያውቀዋል፣ ምን አደከመኝ" ይላሉ። ጣታቸው ግን ከዳቸው። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ወደ መዳፋቸው እየታጠፉ አልዘረጋም አሉ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለ። "ከዚያ በኋላስ እጫወታለሁ?" ብለው ሲጠይቁት መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። መልሱ ያኔ ገባቸው።

ቴክኒሻኑ የተጠራው ለዚህ ነው። የመምህርት ፒያኖ ዲጂታል ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ሲገናኝ የሚቀዳው ድምፁ ሳይሆን የጣት ሥራው ነው። የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ መቼ ተነካ፣ በምን ያህል ጉልበት ተጫኑት፣ መቼ ለቀቁት። በኋላ ኮምፒውተሩ ያንኑ መልሶ ለፒያኖው ሲነግረው፣ ፒያኖው ያንኑ ዜማ በዚያው ሰው ጣት አመል ይጫወተዋል። ሚዲ ይሉታል። ቴክኒሻኑ ይህን ሲያስረዳቸው መምህርት የታጠፉ ጣቶቻቸውን እያዩ፣ "እንግዲህ ጣቴን ልታስቀምጥልኝ ነው በለኛ" አሉት። እሱም "አዎ፣ መምህርት" አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሚጡ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ በደንብ ያየችው።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን አንድ ስህተት ሠራ። ገመዱ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ላይ "መግቢያ"፣ አንዱ ላይ "መውጫ" ተጽፏል። ፒያኖውም ጀርባ ላይ እንደዚሁ። ያላወቀ ሰው መግቢያን ከመግቢያ፣ መውጫን ከመውጫ ያገናኝና የሚቀዳ ነገር ያጣል። ከፒያኖው የሚወጣው ነው ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው፤ ስለዚህ መሰካት ያለበት አቀያይሮ ነው። ቴክኒሻኑ ይህን ለስንቱ ደንበኛ እየሳቀ አስረድቷል። ያን ቀን ግን ሚጡ ከፒያኖው ጀርባ አጎንብሳ በስልኳ መብራት ታበራለት ነበር፤ ፊታቸው ተቀራርቦ ስለነበር መግቢያን ከመግቢያ ሰክቶ ወጣና ተቀመጠ። ምንም የለም። እንደገና ሞከረ፤ ምንም።

"ልጄ፣ ሥራህን ታውቀዋለህ?" አሉ መምህርት።

"ከደቂቃ በፊት አውቀው ነበር" አለ፤ ጆሮው ግሎ። ሚጡ ከፒያኖው ጀርባ ሳቋን ዋጠችው።

ገመዱ መያዙን ለማየት በአንድ ጣቱ አምስት ድምፅ ይመታል። ፒያኖ አይችልም፤ የሚያውቀው ይህችኑ ነው። መጨረሻዋ ወደ ላይ የምትቀር፣ ጥያቄ የምትመስል ነገር ናት። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ትንሽ ይጠብቃል። ሚጡ ኮምፒውተሩን የሚጠብቅ ይመስላት ነበር። በመጣ ቁጥር እነዚያን አምስት ድምፆች ከላይኛው ክፍል ሆና ትሰማለች፤ ስትሰማም በመስታወቱ ፊት ፀጉሯን ታስተካክላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ከረረ።

ፍቅርና ሳል አይደበቅም። ታላቅ ወንድሟ፣ ጠበቃው፣ አንድ ቀን አይቶ ሁለተኛ ቀን ወጥ ቤት በር ላይ ጠብቆ ያዛት።

"እማዬ ለቀዶ ጥገና ስትዘጋጅ አንቺ ለገመድ ሰኪ ትዘጋጂ?"

"ወንድም ጋሼ፣ ቀስ በል፣ ትሰማለች።"

"እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው! ከሰማች የደም ግፊቷ ይወጣል። ግፊቷ ከወጣ ሐኪሙ አይነካትም። ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ ጣቷ እንደታጠፈ መቅረቱ ነው። የዚህን ኃላፊነት ትወስጃለሽ?"

"በኋላስ? ከዳነች በኋላስ?"

"በኋላም እናቱ የሰው ልብስ አጣቢ ናት" አለና ዓይኗን ሳያይ ወጣ።

ክፉ ሰው አይደለም ወንድም ጋሼ። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ቤቱን በትከሻው የተሸከመ፣ የእናቱን ግፊት ጠዋትና ማታ የሚለካ ሰው ነው። ግን የፈራ ሰው የሚናገረውን አያውቅም። ሚጡም ፈራች። ፈርታም ደረጃው ላይ "አይሆንም" አለች፤ ምክንያቱን ሳትነግረው።

*

የመጨረሻው ዜማ የተቀዳው በማግስቱ ጠዋት ነው። ቴክኒሻኑ በሰዓቱ መጣ፤ ሰላምታ ሰጠ፤ ገመዱን ፈተሸ፤ አምስቱን ድምፅ ግን አልመታም። አንዱን ቁልፍ ብቻ ነክቶ "ይሠራል" አለ። ከዚያ ወደ ሚጡ ዞሮ፣

"ወንበሩን ያቀርቡልኛል?" አላት።

ሚጡ መጀመሪያ ሌላ ሰው ከኋላዋ የቆመ መስሏት ዞር አለች። ማንም የለም። አንቺ ሲላት የከረመ ሰው እርስዎ አላት፤ በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። ወንበሩን አቀረበች።

መምህርት በታጠፉ ጣቶቻቸው የመጨረሻዋን ዜማ እያማጡ ተጫወቱ። አንድ ቦታ ተሳሳቱ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ቀጠሉ። የመጨረሻውን ድምፅ ሲለቁት ወንድም ጋሼ ገባ።

"አለቀ አይደል? ከነገ ወዲያ እንግዲህ እዚህ ቤት የሚያስመጣህ ነገር የለም ማለት ነው" አለው፤ ድምፁ ጨዋ፣ ዓይኑ በሩ ላይ።

ቴክኒሻኑ ፊቱ ጠቆረ። ቦርሳውን አነሳ። "ነገ ጠዋት መጥቼ አስተካክዬ አስረክባለሁ፣ መምህርት" ብሎ ወጣ። ገመዱን ሳይነቅል፣ ኮምፒውተሩንም ሳያጠፋ። ስክሪኑ ትንሽ ቆይቶ በራሱ ጨለመ፤ ከዚያ ወዲያ ያስታወሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ወንድም ጋሼ ለሆስፒታሉ የሚያስፈልገውን ሊያሟላ ወጣ። መምህርት መድኃኒታቸውን ወስደው ከጎን ባለው ክፍል ጋደም አሉ። ቤቱ ጭር አለ። ሚጡ ፒያኖው ፊት ቆማ ቆማ ተቀመጠች።

የድምፅ መቆጣጠሪያውን ወደ ግራ አዞረችው፤ አዞረችው፤ መጨረሻው ላይ ቀጭ አለ። አንዱን ቁልፍ ነካ አደረገች። ምንም ድምፅ የለም፣ የቁልፉ ኳ ማለት ብቻ። እናቷ አትሰማም። ማንም አይሰማም።

ያኔ የእሱን አምስት ድምፆች ተጫወተች። በጆሮዋ ሳይሆን በልቧ እየሰማች። እሱ እንደሚያደርገው ትንሽ ጠበቀች። ደገመቻቸው፤ ከሥራቸው ግራ እጇን አስገባች፤ ከዚያ ወዲያ እጆቿን ማን ያዛቸው? ያልተናገረችውን ሁሉ ተናገረች። ደረጃው ላይ ልትለው የነበረውን፣ ወንበሩን ስታቀርብ የዋጠችውን፣ ከፒያኖው ጀርባ ያፈነችውን ሳቅ ሳይቀር። ድምፅ የለውምና በጉልበት መታችው። አልፎ አልፎ ወደነዚያ አምስት ድምፆች ትመለስና ትጠብቃለች፤ የሚመልስላት የለም፤ ትቀጥላለች። መሰነባበቻዋ ነበር። ደህና ሁን ለማለት ሌላ ቦታ አልነበራትም። ስትጨርስ ቁልፎቹ ላይ እንባ ጠብ ብሎ ነበርና በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው።

ክንዷ ማውሱን ገፋው።

ስክሪኑ በራ።

ጥቁር ጥቁር ሰረዞች ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ጉንዳን ተሰልፈዋል። እጅጌዋ አሁን የነካቸው ቁልፎች እንኳ መጨረሻው ላይ ተደርድረዋል። ከላይ ቀዩ ክብ ይበራል፤ አንዲት ቀጭን መስመር ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ አሁንም ትሄዳለች።

ሚጡ ክው አለች። "ድምፁ ተዘግቶ ነበር እኮ" አለች ለኮምፒውተሩ፣ ሰው ይመስል። ከዚያ ትዝ አላት። የሚቀዳው ድምፅ አይደለም፤ የጣት ሥራ ነው። ያን ያህል ጊዜ ሲያስረዳ አጠገቡ ቆማ የሰማችው ዓይኑን እንጂ ቃሉን አልነበረም ለካ።

የኮምፒውተሩን ረጅም ቁልፍ ተጫነች፤ መስመሯ ቆመች። ማጥፋት፣ ማጥፋት አለባት። ግን ምኑን? ወደ ግራ ስትገፋው ረጅም ባዶ ሆነ፤ ከባዶው ማዶ የእናቷ ዜማ አለ። ቀረጻው ከጠዋት ጀምሮ አልቆመም ነበር፤ የእናትየውም የልጅትየውም በአንድ መዝገብ ላይ ተያይዘዋል። ተሳስታ አንዱን ብትጫን የመምህርት የመጨረሻ ዜማ ይጠፋል፤ እነዚያ ጣቶች ደግሞ ዳግመኛ አይጫወቱትም። ትታው ብትሄድ ነገ ጠዋት እናቷ ልትሰማ ስትቀመጥ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ወንድም ጋሼም። እሱም። ስልኳን አነሳች።

*

ስልኩ ሲጠራ ሲጠራ ቆየና አነሳው።

"አቤት" አለ፤ ቁጥሯን እንደማያውቅ ሰው።

"እኔ ነኝ።"

ከኋላው የሆነ ማሽን ያጓራል።

"ጠዋት... ሳታቆመው ሄደሃል። ሲቀዳ ነው የዋለው።"

"ምን አልሽ? አላቆምኩትም?" ድንጋጤው እርስዎነቱን አስረሳው። "የመምህርት ዜማ አለ? አልጠፋም?"

"አለ። አልነካሁትም። ግን ከሱ በኋላ ሌላ ነገር ተቀድቷል።"

"ምን?"

ሚጡ ዓይኗን ጨፈነች። "ምንም። ቁልፎቹን እየጠረግኩ ነበር።"

ማሽኑ አጓራ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሚጡ ግን ውሸቷን አጥብቃ ያዘች።

"ስትመጣ ከእማዬ ዜማ በኋላ ያለውን ሁሉ አጥፋልኝ። ሳትሰማው።"

"ሳልሰማ እንዴት አውቃለሁ የት እንደምቆርጥ?"

"በዓይንህ ታየዋለህ። መሃሉ ባዶ ነው። ቃል ግባልኝ፤ እንዳትሰማው።"

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "አልሰማውም። ነገ በጠዋት፣ ሰው ሳይነሳ እደርሳለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳይነኩ።"

እንዳይነኩ አለ። ወደ እርስዎ ተመለሰ። ሚጡ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆየች።

*

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቴክኒሻኑ በጠዋት ደረሰ፤ መምህርት ግን ቀድመውት ነበር። ለሆስፒታል ለብሰው፣ ቦርሳቸው በር ላይ ተቀምጦ፣ ፒያኖው አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ወንድም ጋሼ የግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቅልሎ ቁጥሩ እስኪቆም ትንፋሹን ይዟል።

"ደህና ነው" አለ። "ዛሬ ብቻ እንዲህ ከቆየልን። ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳትሰሚ፣ እማዬ።"

ይህን ሲል ሚጡን አያት።

"ና ልጄ" አሉ መምህርት ቴክኒሻኑን። "ከመሄዴ በፊት የትናንቷን አሰማኝ። የተሳሳትኩባትን ልስማት። ሌሎቹን ስመለስ እሰማቸዋለሁ።"

"ትንሽ ላስተካክለው ነበር፣ መምህርት። አምስት ደቂቃ ቢሰጡኝ..."

"ሰዓት የለኝም። እንዳለ አሰማኝ።"

ቴክኒሻኑ ለአፍታ ሚጡን አያት፤ ከዚያ ተቀምጦ ከፈተው። ሚጡ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ማጫወቻውን ተጫነ። መስመሯ የመምህርትን ሰረዞች እያቋረጠች ሄደች። ድምፅ ግን የለም።

"ምነው?" አሉ መምህርት። "ምነው አይሰማኝም?"

"አንድ ሰከንድ።" ከፒያኖው ጀርባ ገባ፤ ገመዱን ነካካ፤ ተመለሰ። አሁንም የለም። የመምህርት ፊት መገርጣት ጀመረ። ወንድም ጋሼ መለኪያውን ጨበጠ።

"ጠፋ? ጠፍቶ ነው? በሉ ንገሩኝ!"

"አልጠፋም፣ መምህርት፣ ይኸው ይታያል..." እጁ የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ሲደርስ ቆመ። መጨረሻው ድረስ ወደ ግራ ዞሯል። "ድምፁን ማን ዘጋው?"

ቴክኒሻኑ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ቁልፍ ሲጠርግ ድምፅ የሚዘጋ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ግን የሚጡን ፊት ሲያይ የሆነ ነገር ገባው። መቆጣጠሪያውን ወደ ቀኝ መልሶ ከመጀመሪያው አስጀመረው።

ፒያኖው ማንም ሳይነካው ተጫወተ። የመምህርት ጣት አመል፣ ቀኙ ከግራው ትንሽ እየዘገየ፣ ያው የራሳቸው ነው። መምህርት ስህተታቸው ጋ ሲደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲያልቅ ግን ፈገግ አሉ። "ትኑር" አሉ። "ስህተቷም ትኑር። የኔው ናት።"

ቴክኒሻኑ ለማቆም እጁን ሲዘረጋ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነበር።

"ቆይ። እዚያ ማዶ፣ ከባዶው በኋላ ያለው ጥቁር ምንድነው?"

"የኔ ጥፋት ነው፣ መምህርት" አለ ቶሎ ብሎ። "ትናንት ሳላቆመው ሄጄ ነው። የማይረባ ነገር ነው የተቀዳው፤ አሁን አጠፋዋለሁ።"

"ይጥፋ" አለ ወንድም ጋሼም። "በቃ፣ እንሂድ፣ ይረፍድብናል።"

ቴክኒሻኑ ማውሱን ጎትቶ ሰረዞቹን ሁሉ ከበባቸው፤ ሰማያዊ ሆኑ። ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ። አልተጫነም። ወደ ሚጡ ዞረ።

"ላጥፋው?"

ቃሉን ጠብቋል። ሳይሰማ ሊያጠፋ ነው፤ ምን እንደሚያጠፋ እንኳ ሳያውቅ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ጭንቀት በአንዲት ጣት ሊያልቅ ነው። "አጥፋው" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። አፏን ከፈተች። እናቷን አየች፤ የታጠፉትን ጣቶች፤ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር የኖረውን ያን ሁሉ ዜማ። ጣቴ ያውቀዋል እየተባለ ስንቱ ነገር ይቀራል?

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች በልቧ።

"አታጥፋው" አለች። "አጫውተው።"

"ሚጡ!" አለ ወንድም ጋሼ።

"አጫውተው አልኩ።"

ቴክኒሻኑ ማጥፊያውን ለቀቀ።

አምስት ድምፅ። የሱ አምስት ድምፅ። ክፍሉን ሞላው። ሚጡ ደነገጠች፤ ትናንት ድምፅ ስላልነበረው እያንሾካሾከች መስሏት ነበር። ለካ ስትጮህ ነው የዋለችው። የጣቷ ጉልበት አንዱም ሳይቀር ተመዝግቦ ኖሮ ፒያኖው በሙሉ ድምፁ ያወጣው ጀመር፤ ሳቁንም፣ ልመናውንም፣ ያን ደረጃ ላይ ያልተባለውንም። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን አልሸሸችም። አምስቱ ድምፆች ተመልሰው መጡ፣ ጠበቁ፣ መልስ አጡ፣ ቀጠሉ። ቴክኒሻኑ እጁን ከማውሱ ላይ ማንሳት ረስቶ ወለሉን ያያል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይመታል።

ዜማው አለቀ።

"አራተኛ ጣትሽ" አሉ መምህርት፣ "አሁንም ይጎተታል። ስንት ዓመት ነገርኩሽ?"

ሚጡ እንባዋ ወረደ። "እማዬ፣ ይቅርታ..."

"ዝም በይ። እስከ ዛሬ ተማሪዬ ነበርሽ። እንዲህ መጫወት የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?"

ወንድም ጋሼ ተንበርክኮ መለኪያውን እናቱ ክንድ ላይ መልሶ ጠቀለለ። መሣሪያው አጓራ፣ ተነፈሰ። ቁጥሩን አየ፤ ደግሞ አየ።

"ስንት ነው?" አሉ መምህርት።

"ከቅድሙ ወርዷል" አለ፤ ራሱም ሳያምን።

"ቅድም እንዴት እንዳየሃት አይቻለሁ። ታዲያ አንተ ምን ብለህ ነው ልጄን ያስፈራራሃት?"

አንገቱን ደፋ። "ስለፈራሁ ነው፣ እማዬ" አለ። መምህርት በደህና እጃቸው ራሱን ዳበሱት። ከዚያ ወደ ቴክኒሻኑ ዞሩ፤ ፊታቸው የፈተና ቀን ፊት ነበር።

"እሺ አላልኩም። ከሆስፒታል ስወጣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ ያኔ ብዙ እጠይቅሃለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይህችን አምስት ድምፅ ከየት አመጣሃት? ገመድ ስትፈትሽ ሁሌ እሰማታለሁ።"

"የእናቴ ናት፣ መምህርት" አለ ቀስ ብሎ። "በፉጨት ነው። ልጆች ሆነን መሽቶ ከጨዋታ ስንቀር፣ የሰው ልብስ ስታጥብ ከዋለችበት ተነስታ ደጅ ትወጣና እንዲህ ታፏጫለች። ወደ ቤት ግቡ ማለቷ ነው።"

"ግቡ?"

"አዎ። የሰማ ሰው ደግሞ መልሶ ያፏጫል፤ ሁለት ድምፅ ነው መልሱ። እሷ መልሱን እስክትሰማ ቆማ ትጠብቃለች። ለዚህ ነው መሰለኝ እኔም ስመታት ትንሽ የምጠብቀው። ልማድ ሆኖብኝ።"

ሚጡ አፏን በእጇ ያዘች። ኮምፒውተሩን አልነበረም ለካ የሚጠብቀው። እሷም ደህና ሁን የምትለው መስሏት፣ ቁልፎቹን እየደበደበች ስትለው የዋለችው ግባ ነው።

"እንግዲያ ልጄ ጠርታሃለች" አሉ መምህርት። "ምን ቆመህ ታያለህ?"

ቴክኒሻኑ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ወደ ፒያኖው ተጠጋ፤ አንዱን ቁልፍ ነካ፤ ሁለተኛውን በጣም በቀስታ ስለነካው ድምፁ ሊሰማ አልሰማ ሆኖ ወጣ። ሁለት ድምፅ ብቻ። ከዚያ ዞሮ፣ ደረጃው ላይ ያልዞረውን አንገት ዞሮ፣ አያት።

"ሰማሁሽ" አላት።

ሆስፒታሉ ገና ነው፤ ቢላው ገና ነው፤ መምህርት ሲመለሱ የሚጠይቁት ጥያቄም ገና ነው። ሚጡ ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ትፈራዋለችም። ግን ደረጃው ላይ ከቆመችበት ሰዓት ጀምሮ ደረቷ ላይ ይዛው የከረመችውን ትንፋሽ፣ እዚያው በእናቷና በወንድሟ ፊት፣ ለቀቀችው።